ምች ያሉት የኔን መርፌ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
ቡታጅራ። ዛሬም ክሊኒኩ ሰው በሰው። ሰባት ጥርስ ነቀልኩ። መብራት ሁለቴ ሄደ። የመጨረሻው ሼህ ሀቢቡ፣ ከእንሴኖ፣ መስጂድ ላይ አዛን የሚያደርጉት። የታች መንጋጋ። "ዶክተር፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ" እያሉ አጣደፉኝ። ማደንዘዣውን ስወጋ ብድግ አሉ... "ምላሴን! ኮረንቲ!" መርፌው ነርቭ ነክቷል ማለት ነው። ሳብ አድርጌ ቦታ መቀየር ነበረብኝ። እኔ ግን "አይዞዎት፣ አለቀ" ብዬ የቀረውን ጨመርኩት። ጥርሱ ሳይሰበር ወጣ። መኪናውም አላመለጣቸውም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ
ልጃቸው ሃሊማ ደወለች። የአባቷ ምላስ በቀኝ በኩል አሁንም እንደደነዘዘ ነው። ሁለት ቀን! በሦስት፣ በአራት ሰዓት ውስጥ መልቀቅ ነበረበት። "ትንሽ ታገሱ" አልኳት።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ
መጡ። ምላሳቸውን በጥጥ ነካሁ፣ በመርፌ ጫፍ ነካሁ። ግራው ያውቃል፣ ቀኙ አያውቅም። ሲበሉ ይነክሱታል። "ፊደሉ ይንሸራተትብኛል ልጄ። አዛኑን ለመስጂዱ ልጅ ለከማሉ ሰጠሁት።" ሃያ ሁለት ዓመት ያደረጉትን አዛን! ከዚያ ደግሞ... "ሰው ምች ነው አለኝ። ዳማከሴ እየታሸሁ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ከአላህ ነው።"

እኔስ ምን አልኩ? "አዎ፣ ይሻልዎታል።" አዎ! ምኑ ነው አዎ? አብሮኝ የሚሠራው ባዩ፣ "ራሳቸው ምች ካሉ አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ። ቀለል ብሎኝ ነበር እኮ... ለአንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ በራሴ አፈርኩ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ
እንሴኖ ሄድኩ፣ ቤታቸው። "ምች አይደለም ሼህ። የኔ መርፌ ነው። ኮረንቲ ሲሉኝ ማቆም ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ።"

ምላሳቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"ይመለሳል?"

"ብዙ ሰው በሳምንታት፣ በወራት ይመለስለታል። የማይመለስለትም አለ።"

ሃሊማ ተነሥታ ወጣች። እሳቸው ምንጣፉን እያዩ፣ "ይሄንን ሰኞ ነበር መንገር። አሁን ሂጂ ልጄ፤ ቂም ሳልይዝብሽ ሂጂ" አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ
በየሰኞው እየመጡ አያቸዋለሁ። ዛሬ "ጉንዳን ይሄድበታል" አሉ። ነርቩ እየነቃ ነው! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሃሊማ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰላም አላለችኝም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ
ሼህ ሀቢቡ ወደ አዛኑ ከተመለሱ ሳምንት ሆናቸው። የምላሳቸው ጠርዝ ግን ገና ነው፤ እንዲሁ ይቀር ይሆናል። ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ሃሊማ ብቻዋን መጣች። ጥርሷን አሟታል፤ የታች መንጋጋ። "ባዩ ይሥራልሽ?" አልኳት።

"አይ። መጀመሪያ ሊደርስብኝ የሚችለውን ሁሉ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። መድማቱን፣ ማበጡን፣ የልብ ምት መፍጠኑን፣ ነርቩን... አባቷ ላይ የደረሰው እሷም ላይ ሊደርስ እንደሚችል። ውጪ ስድስት ሰው ይጠብቃል፤ አልቸኮልኩም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

አፏን ከፈተች።