የተደፈነው ቀዳዳ

ጥር 6

ዛሬ ሙዚየም፣ ጥገና ክፍላችን ውስጥ፣ ከሳጥን አዲስ ሳህን ወጣ። አዲስ ማለቴ... ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ያለፈው። ከጥንት መቃብር የተገኘ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን፣ ውስጡ ወፍ የተሳለበት። የአፈሩ ክብደት ስብርብሩን አውጥቶታል። መሃሉ ጭራሽ የለም፣ ክብ ቀዳዳ ብቻ። ከዚህ የመቃብር ስፍራ የሚመጣው ሁሉ መሃሉ ነው የሚጎድለው። እዛ ጋ ሸክላው የሳሳ ነው መሰለኝ።

ስባሪውን አጥቤ አሰጣሁት። ነገ በሙጫ ይገጣጠማል፣ ቀዳዳው በጄሶ ይደፈናል፣ ከዛ ሠዓሊያችን የጎደለውን ወፍ በቀለም ይሞላዋል። የወፏን ዓይን ያየ ሰው የለም፤ ሁሌ ቀዳዳው ላይ ነው የሚያርፈው። "ታዲያ ከየት አምጥተህ ነው የምትስለው?" ስለው "የሚስቴ ዓይን ነው" አለኝ።

"ስትቆጣ ወይስ ስትስቅ?"

"ስትስቅማ አይቻት አላውቅ!"

ቤት ስገባ እማ አልጋዋ ላይ ተደግፋ በዛች የሸክላ ኩባያዋ ሻይ ይዛለች። ግማሹን ተወችው። "አልወርድ አለኝ" አለች። ኩባያዋን አጥቤ መለስኩ። ከኔና ከሷ በቀር ማንም አይነካትም፤ እኔም ለማጠብ ብቻ። ልጆች ሆነን ወንድም ጋሼ አንዴ ውሃ ቀድቶባት በጥፊ ስትለው ትዝ ይለኛል። ምክንያቱን ጠይቀናት አታውቅም፣ የቤቱ ሕግ ነው፣ በቃ።

ጥር 9

ሐኪም ቤት። የሆዷ እጢ ተመልሶ መጥቷል። ሐኪሙ "ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይቻላል፤ ግን በዚህ ዕድሜ..." ብሎ አንጠልጥሎ ተወው።

እማ እኔን አላየችም። ወንድም ጋሼን ነው ያየችው። "ቤቴ ውሰዱኝ። አልጋዬ ላይ ልሙት" አለች። ቁርጥ አድርጋ! ዳቦ ግዙልኝ የምትል ነው የምትመስለው።

"ይቻላል" ነው እኮ ያለው ሐኪሙ። አይቻልም አላለም።

ጥር 11

ከወንድም ጋሼ ጋር ተጣላን። "ገላው የሷ፣ ቃሉም የሷ፤ አንቺ ምን አገባሽ?" ይላል። ደሜ ፈላ። "አንተማ ወር በገባ በወጣ ነው ብቅ የምትል! ማታ ማታ ስታቃስት የምሰማት እኔ ነኝ!"

"አንቺ ሙጫ፣ ሰው እኮ ሸክላ አይደለም!"

ሙጫ የሚለኝ ድሮ ነው፣ ይህን ሥራ ስጀምር። የተሰበረ ነገር ካየሁ ሳልጠግን አልተውም ብሎ ያፌዝብኝ ነበር። ዛሬ ግን አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ከሄደ በኋላ እማ እግር ሥር ቁጭ አልኩ። "አፈር ስሆንልሽ። ለኔ ስትይ።" ራሴን ዳበሰችኝ። ከዛ "እሺ። ላንቺ ስል" አለችኝ። ደስ አለኝ... አዎ፣ ደስ አለኝ።

ጥር 17

ኦፕራሲዮኑ ተሠራ። "ተሳክቷል" አሉን። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቷል፣ መናገር አትችልም። ስትነቃ ደስ ይላት ብዬ ኩባያዋን ይዤ ሄድኩ። ነርሷ ከበር መለሰችኝ።

"ከውጭ ዕቃ አይገባም። ሕግ ነው።"

"የእናቴ ኩባያ ነው እኮ።"

"የንግሥትም ቢሆን።"

እኛ ቤት ብቻ ነው እንዴ ሕግ ያለው? ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኳት።

ጥር 20

ትኩሳት። ቱቦው አልወጣም።

ጥር 22

ሳህኑ አለቀ። ጄሶው ልስልስ ብሎ ወጣ፣ ጣት አይለየውም። አለቃችን አጨበጨበች። በቅርቡ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ብላ የቀደሙትንም ከግምጃ ቤት አስወጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። አንድ በአንድ ነው የሚመጡልን፤ እንጠግናለን፣ እንሸኛለን።

የሠዓሊው ሚስት ከየሳህኑ ታፈጥብኛለች። ሳቄ መጣ። ከዛ ሳቄ ጠፋ... ሁሉም እዛው ቦታ? አንዱም ሳይዛነፍ? አፈር እንዲህ ልኩን ያውቃል?

የጄሶውን ዙሪያ በጣቴ ለካሁት። ወፍራሙ ቦታ እኮ መሃሉ ነው! የሳሳው ከንፈሩ ነው። ስንቱን ደፍኜ ዛሬ ታየኝ። አይ እኔ!

ጥር 24

ሙዚየሙ አጥንት ክፍል የምትሠራው ሴትዮ፣ እኛ አጥንቷ ነው የምንላት፣ መዳፏ ላይ ጥጥ ይዛ መጣች። "ይሄ የናንተ አይደለም እንዴ? ከጣት አጥንት ጋር ተደባልቆ ነው ያገኘሁት። ከዚህኛው ሳህን ጋር ከአንድ መቃብር ነው።"

ጥጡ ላይ ትንሽ ክብ ገል። ገሏ ላይ ዓይን ተስሏል።

"ከየትኛው እጅ?" አልኳት።

"ከቀኝ። ሟቿ ጨብጣው ነበር መሰለኝ። በሌሎቹም እጅ እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ እኔ ጠጠር ነው ብዬ..." አፏን ያዘች።

ሠዓሊው ብድግ አለ። "ሆን ብለው ነው የበሱት! ሰው ሲሞት ሳህኑንም..."

"ይገድሉታል" አለች አጥንቷ። "ሌላ ሰው እንዳይበላበት። ሕጋቸው ይሆናላ።"

"ወይም አብሮ እንዲሄድ" አለ ሠዓሊው።

ማን ያውቃል? የሚጠየቁት የሉ። ያ ሁሉ የእጅ ጥበብ፣ ያቺ የመሰለች ወፍ... ሠርተው፣ አሳምረው፣ ቀኑ ሲደርስ በገዛ እጃቸው ይበሱታል። እኛ ደግሞ አደጋ የደረሰበት መስሎን እንደፍነዋለን።

ገሏን ይዤ ወደ ሳህኑ ሄድኩ። የት ላግባት? ደፍኜዋለሁ።

ገሏ ላይ ያለው የወፏ ዓይን የተጨፈነ ነው። ሠዓሊው ግን ሁሉንም ዓይናቸውን ከፍቶ ነው የሳላቸው።

ጥር 25

ከሥራ በቀጥታ ሐኪም ቤት። እማ ነቅታ ታየኛለች። "እማዬ፣ ቤት እንሂድ?" አልኳት። ጨፈነች፣ ከፈተች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ነግራኝ ነበር እኮ... አፍ በነበራት ጊዜ ነግራኝ ነበር!

ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። "ልክ ነበርክ" አልኩት።

"ወንድም ጋሼ?"

"ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ።" ዘጋው።

ሐኪሙ "በራሳችሁ ኃላፊነት" አለ። ይሁን።

ጥር 26

አልጋዋን አንጥፌ፣ ትራሷን አራግፌ፣ ኩባያዋን ራስጌዋ አስቀምጬ ነው የወጣሁት። ስንደርስ የሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ አንሶላ ብቻ። ንጹሕ አንሶላ።

"ጎህ ሲቀድ ነው" አለች ነርሷ። ያቺው።

"ማን ነበር አጠገቧ?"

የአንሶላውን ጫፍ አስተካከለች። ወንድም ጋሼ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ለኔ ስትል ነው እዛ የሞተችው። ለኔ ስትል።

ጥር 27

ይኸው ቤቷ ገባች። በሳጥን።

ቤቱ በሰው ተሞላ። አንዷ ጎረቤት ውሃ ጠምቷት ኩባያዋን አንስታ ልትቀዳ ስትል "አስቀምጪያት!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። "ተዉአት፣ ሐዘን ነው" አሉ። ሴትየዋ ምን በወጣት... ደንግጣ ቀረች።

ኩባያዋን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ምስማርና ትንሿ መዶሻ። ገለበጥኳት፣ ምስማሩን አቆምኩ... እጄ እምቢ አለ። ዕድሜ ልኩን ሲገጥም የኖረ እጅ። ወንድም ጋሼ ከኋላዬ መጣ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

ነገርኩት። ስለ ሳህኖቹ፣ ስለ ገሏ፣ ስለ ሟቿ ቀኝ እጅ። አበደች ይለኛል ብዬ ነበር። ኩባያዋን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘልኝ።

"ምቺ።"

መታሁ።

ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት የወጣችውን ቁራጭ ቀኝ መዳፏ ላይ አደረግኩላት። ጣቶቿን ያጠፍኳቸው እኔ ነኝ። ቀዝቅዘዋል። ኩባያዋን ወንድም ጋሼ ጎኗ አስቀመጠላት።

"ሙጫ" አለኝ፣ ትከሻዬን ይዞ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የካቲት 12

ሥራ ገባሁ። አለቃችንን አነጋገርኳት። ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ አልኩ።

"ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲል? ሰው ቀዳዳ ሳህን አይቶ ምን ይላል?"

"ለምን ተበሳ? ይላል። እንንገረው።"

በሐዘኔ አዝና ይሁን ገብቷት... "አንዱን ብቻ። ካበላሸሽው ግን አንቺን አያድርገኝ!" አለች።

ቀጭኗን መሮ አነሳሁ። ጄሶው ቀስ እያለ ረገፈ። የሚስቱ ዓይን ዱቄት ሲሆን ሠዓሊው "ተገላገልኩ!" አለ፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። ቀዳዳው ተከፈተ። ገሏን ከጥጧ አውጥቼ አስገባኋት፣ ልክክ አለች። ከስንት ዘመን በኋላ! ወፏ ሙሉ ሆነች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ሙጫው እጄ አጠገብ ነበር፣ ክዳኑ ክፍት።

አየኋት። ከዛ ገሏን አወጣኋትና ከሳህኑ ጎን አስቀመጥኳት። ሙጫውን ከደንኩት።