ያልተቀዳው ድምፅህ

ደሳለኝ፣ የልጄ አባት፣

ከቀበርንህ ዘጠኝ ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ወረቀቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በብሬል እየወጋሁ የቤታችንን ወሬ እኔው ልንገርህ።

ልጃችን ማርታ ሴት ልጅ ወለደች! ቀራንዮ ሙሉ እስኪሰማ እልል አልኩ። ስታለቅስ ሰፈሩን ታነቃለች፤ ጉሮሮዋ በእኔ ወጥቷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፣ አውራ ጣቷ የአንተው ነው፣ አጭርና ሰፊ። ከጎናችን የነበረው የጭቃ ቤት ፈርሶ ፎቅ እየተሠራበት ነው። ከፌርማታው ይመጣ የነበረውን የወያላ ጩኸት ግድግዳው ከልሎታል፤ በር ላይ ስቆም ሰፈሬ ሰፈሬ አይመስለኝም።

ማርታ ታዲያ ልጇን እንዳቀፈች፣ እማዬ የአባባን ድምፅ አሰሚያት እንጂ አለችኝ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። እኔ ከወሬ ሸሽቼ ስነሣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንተ ልናገር።

ድምፅ የምቀዳባትን ሪከርደር ልንገዛ መርካቶ የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? ሻጩ ትልቅ ስክሪን ያላትን ሲያወድስልኝ፣ ስክሪኗን ለራስህ ያዛት፣ ለእኔ ለዓይነ ስውሯ ቁልፏን አምጣልኝ አልኩት። አንተም ዓይንህን ጨፍነህ እንደኔ በጣትህ ትሞክር ጀመር። የአንዷ ቁልፍ ልሙጥ ነው፤ የሌላዋ መቅጃ ቁልፍ ከመደምሰሻው ጋር ተጣብቋል። ሁለት ቀሩን። አንደኛዋ ስክሪኗ ላይ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ሁለተኛዋ መቅዳት ስትጀምር አንዴ፣ ስታቆም ሁለቴ ጢጥ ከማለት በቀር ድምፅ የላትም። አንተ ምን አልክ? ኧረ ቤታችን አንድ ለፍላፊ ይበቃናል! እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፣ ዝምተኛዋን ገዛን። ስክሪኗን የምታነብልኝ አንተ እያለህ ምን ቸገረኝ።

ስብከት ቀዳሁ፣ የመዘምራን ልምምድ ቀዳሁ፣ የእህቶችን ጸሎት ቀዳሁ፤ አንዱንም አላጠፋሁ። አንተ ብቻ፣ እኔ ምን የሚቀዳ ነገር አለኝ እያልክ ታመልጠኝ ነበር። ሌላ ሰው የሟቹን ፎቶ ያያል። የእኔ ፎቶ ድምፅህ ነበር።

ያን ጠዋት አልጋህ ላይ ሆነህ፣ በይ አምጪያት ስትለኝ እየተደናቀፍኩ አመጣኋት። ተጫንኳት፣ ጢጥ አለች። ትንፋሽህ እየተቆራረጠ አወራህ፣ አወራህ፣ ሳቅህም። ከዚያ ደክሞህ እንቅልፍ ወሰደህ። ማቆሚያውን ስጫን ግን ሁለቱ ጢጥታ አልመጣም። ባትሪዋ ይሆናል አልኩ። ስክሪኑን እይልኝ ብዬ እንዴት ልቀስቅስህ? ከዚያ ወዲያ በደንብ ሳትነቃ በሦስተኛው ቀን ሄድክ።

ከለቅሶው በኋላ ሪከርደሯ ውስጥ ብፈልግህ የለህም። ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት። የምትቀዳበት ቦታ ሞልቶባት ነበር አለኝ። ስትሞላም ያው አንዴ ጢጥ ትላለች፣ መሙላቷን የምትናገረው ስክሪኗ ላይ ብቻ ነው። የጠፋ ቢሆን እንሞክር ነበር እትዬ፣ ይሄ ግን መጀመሪያውኑ አልተቀዳም አለኝ። ያቺ ተናጋሪዋ ብትሆን ኖሮ በእንግሊዝኛዋ ትጮህብኝ ነበር።

ያን ሁሉ ስብከት አንድ በአንድ ሰማሁ፤ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ሳልህ እንኳ አይጠፋም ብዬ። አንድ ቦታ ዝቅ ያለ አሜን አለ። ደጋግሜ ሰማሁት። የአንተ ይሁን ከኋላችን የሚቀመጠው ሰውዬ፣ መለየት አቃተኝ። እኔ! በእርምጃህ ብቻ ከመንገድ የምለይህ! ድምፅህ ከጆሮዬም እየወጣ ነው፣ ደሳለኝ፤ የሚመልሰውም የለም።

ያን ጠዋት ካወራኸው የቀረኝ ጥቂት ነው፦ ልጅ ሆነህ ወንዝ ስትሻገር ደብተርህን ጭንቅላትህ ላይ ማሰርህ፣ አዲስ አበባ በገባህ ቀን አጠና ተራ ያደርክበት መጋዘን፣ ለማርታ ንገሪያት ካልከኝ ግማሹ።

ጠጋኙ ስብከቶቹን አጥፍቶ ቦታ አወጣልኝ፤ ያንን አሜን ግን እንዳይነካው ነገርኩት። ነገ ማርታን አስቀምጬ እውነቱን እነግራታለሁ። ከዚያ የቀረኝን ለልጅቱ በራሴ ድምፅ እቀዳላታለሁ። የአንተን ድምፅ እንደማይተካ አውቃለሁ። ቃል የምገባልህ ይህን ነው፦ እስካለሁ የማስታውሰውን ሁሉ እላለሁ፤ የረሳሁት ጋ ስደርስ ረሳሁት እላታለሁ እንጂ፣ ከራሴ ፈጥሬ አያትሽ እንዲህ ብሎ ነበር አልላትም።

ባለቤትህ አልማዝ