ማንም እንዳያነጣሽ

ታደለችዬ፣

ሳሮ! እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሶዶ ኖሬ ከወላይትኛሽ አጥርቼ የያዝኩት ይህችን ሰላምታ ብቻ ነው፤ እሷንም በወሎ ቅላጼ። ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሆነን። የዘመን መለወጫችሁን ጊፋታን አብረን አክብረን፣ የበዓሉ እንግዳ ሁሉ ተሸኝቶ ሳያልቅ ነበር የሄድሽው።

ቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው አሁንም ያው ቦታ ላይ ያፈስሳል፤ ባልዲውም ያው ቦታ ላይ ነው። በዚህ በኩል ለውጥ የለም። የተለወጠው ሳሎን የተሰቀለው ፎቶሽ ነው። ለለቅሶው እንዲያሳድግልን ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጥተነው ነበር። ባለሙያው ሐዘናችንን አይቶ መሰለኝ፣ ሳንጠይቀው በኮምፒውተር አነጣሽ። አፍንጫሽን አቀጠነው፤ ጉንጭሽ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብም አጠፋት። ድንኳን ውስጥ ተሰቅለሽ ሳይሽ ለአፍታ የሌላ ሰው ለቅሶ የገባሁ መሰለኝ። ከሁምቦ የመጡት አጎትሽ ፎቶው ፊት ቆመው ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የእኛዋ ፎቶ የታለ?» አሉኝ። ይኸው ብዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩና «ሕመሙ ነው እንዲህ ያነጣት?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያቺን የማላውቃትን ሴት ፊት ለፊት እያየሁ ምሳዬን ስበላ ከረምኩ። አላወረድኳትም። ሐዘን ሰውን ያሰንፋል፤ እኔ ደግሞ ቀድሞም ስንፍና አልጎደለኝም።

ያስነሳኝ የሊዲያ ፊት ነው። ልጃችን ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመራቂ መሆኗን ታስታውሻለሽ። እህትሽ ማርታ ለገና ከቢጠና ስትመጣ በትንሽ ነጭ ዕቃ ቅባት ይዛላት መጣች። ዕቃው ላይ ስም የለም፣ የሠሪው አገር የለም፣ ምንም የለም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ምንጩ ያልተጻፈ ነገር አልጠረጠርኩም። ማርታ ያመጣችው በፍቅር ነው፤ «ለምርቃትሽ ፎቶ ቀላ በይ፣ እናትሽም ደስ ይላታል» ብላት።

የዚያ ቅባት ክፋቱ መሥራቱ ነው። በሦስት ሳምንት ቀላች። ያያት ሁሉ «አማረብሽ፣ ሐዘኑ ለቀቀሽ» አላት። እኔም፣ ይቅር በይኝና፣ ተጽናናች ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ቆይቶ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። አስፋልት ተሻግራ ስትመለስ ፊቷ ፍም ይሆናል። ፈርታ ስታቆመው ደግሞ ባሰባት፤ አበጠ፣ ተላጠ፣ አንዳንዱ ቦታ ከድሮውም በላይ ጠቆረ። የቆዳ ሐኪሙ ዕቃውን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለው ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ለፊት ያልታሰበ ኃይለኛ መድኃኒት ይደባለቃል አለን። ከሱ ቀስ በቀስ የምትወጣበትን መድኃኒት አዘዘላት፤ ከዚያ ውጪ ለብ ያለ ውኃ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ ጃንጥላ፣ ብዙ ወር ትዕግሥት። ፓውደር ክልክል ነው። ሊዲያ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ነው፤ ምርቃቱ ከፊቷ ቀድሞ እንደሚደርስ። ቤት ገብታ መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። «አልሄድም አባዬ፤ ዲግሪውን በፖስታ ይላኩልኝ» አለች።

ያኔ ቅዳሜዎችሽ ትዝ አሉኝ። ከጤና ጣቢያ ሥራሽ ወጥተሽ፣ ነርስነትሽን ሳታወልቂ በረንዳችን ላይ ትቀመጫለሽ፤ የሰፈሩ ሴት ይሰበሰባል። እኔ ጋዜጣ ይዤ የማልሰማ እመስላለሁ። አንድ ገጽ ሳልገልጥ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ማንም አልታዘበኝም። ለካ ጎበዙ ተማሪሽ እኔ ነበርኩ! «ሎሚ ለሰላጣ ነው፤ ፊት ሰላጣ አይደለም፤ ሎሚ ተቀብታችሁ ፀሐይ ከወጣችሁ ትቃጠላላችሁ» ትያለሽ። አቮካዶ ከሚቀቡት ቢበሉት ይሻላል። ፊት አይፈተግም፣ ድስት አይደለም። አዲስ ነገር ከመጣ መጀመሪያ ክንድ መታጠፊያው ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጥቂት ቀን ይሞከራል። ምሳሽን ለጎረቤት አካፍዪ፣ ኩልሽን ግን ለእህትሽም አትስጪ፤ የዓይን በሽታ ዘመድ አይለይም። የተኳለ ዓይን ሳይታጠብ አይተኛም። አንዷ ደፍራ «የሚያቀላስ የለሽም?» ብላ ስትጠይቅሽ የመለስሽላት መቼም አይረሳኝም፦ «ጥቁረት በሽታ ቢሆን ኖሮ ጤና ጣቢያው በዘመቻ ይከትባችሁ ነበር።»

የመዘምራኑን ነገርም አስታወስኩ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለመዘመር የቆመች ሴት ኩል ምን ያደርግላታል ሲሉሽ፣ «ዓይኑን የሠራው እሱ ነው፤ እኔ ያሰመርኩበት ብቻ ነኝ» ብለሽ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ቆመሽ ዘመርሽ።

እንግዲያው እኛም እናሰምርበታለን አልኩ። ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ሽፋሽፍቷ አካባቢ ደኅና ስለሆነ ኩል ይፈቀዳል አለ። በጥቁር ልብሴ፣ ባልተላጨ ጺሜ፣ የኩል እርሳስ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለማን ነው ጋሼ?» አለችኝ። «ለቤት» አልኩ። ታደለችዬ፣ አዲስ ሚስት የደበቀ ሰው እንኳን እንዲህ ያለ መልስ አይመልስም ነበር። ባጃጁ ቤት ሳያደርሰኝ በሰው አፍ አግብቻለሁ። በማግስቱ ወሬው ከተሳፋሪ ጋር ቢጠና ገባ። በሦስተኛው ቀን ማርታ ራሷ መጣች።

የመጣችው ደግሞ በክፉ ሰዓት ነው። ልምምድ ላይ ነበርኩ። ቤት ውስጥ ስለ ቅንድብና ስለ ዓይን ቆብ የሚናገር መጽሐፍ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለ ነገሥታት ግን አራት መደርደሪያ አለን። በተቀቀለ ዕንቁላል ጀመርኩ፤ ተንከባለለብኝ። ከዚያ የራሴን ዓይን ያዝኩ። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን ልጀምር ስል በሩ ተከፈተ። ማርታ የወትሮውን አንቱታ ደጃፍ ላይ ጥላ ገባች። «ዓመቷ ሳይሞላ! ሙሽሪትን የት ደበቅካት? ጭራሽ አንተም ትኳል ጀመርክ?»

«ለሊዲያ ነው» አልኩ፣ በአንድ የተኳለ ዓይን ሊኖር በሚችለው ክብር።

ሊዲያ ጩኸቱን ሰምታ ሻርፕ ሳትከናነብ ወጣች። ማርታ ያንን ፊት አየችው። ወሬው፣ ቁጣው፣ ሁሉም አለቀ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሻርፗን ከራሷ አወረደች፤ ፊቷና አንገቷ የሁለት ሰው ነው። «እኔም እቀባዋለሁ» አለች። ለማርታ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፣ ስንት ሳምንት ያረምኩት። አላነበብኩትም። አንቺ ሁልጊዜ ከምትጀምሪበት ጀመርኩ፦ «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።» ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ጋ ሁለቱም ተሰለፉ።

የምርቃቱ ቀን ጠዋት ሊዲያ መስተዋቱን ራሷ አዞረችው። «ከሄድኩ ግን ሳልሸፈን ነው» አለች። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ፣ ትንሿን ጣቴን ካልቆሰለው ቦታ አሳርፌ፣ «ወደ ዳሞታ ተራራ ተመልከቺ» አልኳት። በአጭር በአጭሩ፣ ከዳር ወደ ውስጥ፣ እንዳስተማርሽው። ስጨርስ አየችና «ግራው ወፈረ» አለች። ቀኙን ላወፍረው አልኩ። «ተወው። እማም ግራዋ ይወፍርባት ነበር።»

ሃያ ስምንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ይህን አላየሁም። ተመልካች ነኝ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት ሰውዬ።

በቀይ ፊቷና በጥቁር ኩሏ ወጣች። ሰው አየ፤ ይይ። አንዲት ሴትዮ በሰፊው ሕዝብ መካከል «ውይ ልጄ፣ ምነው ፊትሽ?» ስትላት ሊዲያ አገጯን ቀና አድርጋ «ምርቃቴ ነው» አለቻት። ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን የበለጠ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

ፎቶ ቤት ሄድን፤ ያው ሰውዬ ጋ። አነሳትና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጁ በልማድ ወደ ማንጫው ሄደ። ሊዲያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «እንዳለ ይሁን።» ቀዩን ቦታ ብቻ ላስተካክል አለ። «እሱም ይቆይ፤ አሳልፌዋለሁ» አለች። ይኼኔ እኔም ልቤ ሞላና የሚስቴ የፊተኛው ፎቶ፣ ሳይነካ፣ አለህ ወይ አልኩት። ፈልጎ ከፈተው። መጣሽ። ጥቁሯ፣ ነጥቧ ጉንጭሽ ላይ፣ ግራ ዓይንሽ ወፈር ብሎ። ሰውዬው በቅንነት «ያኛው አያምርም ነበር?» አለኝ። «ያምር ነበር፤ ሚስቴ ግን አልነበረችም» አልኩት።

አሁን ሁለታችሁ ጎን ለጎን ተሰቅላችኋል። ባለፈው እሑድ አጎትሽ ሊጠይቁን መጡ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ቀና ብለው አዩ። መነጽራቸውን አልጠረጉም። «እንግዲህ መጣች» አሉና ለቅሶው ዕለት ያላለቀሱትን አለቀሱልሽ።

ውዴ፣ የሊዲያ ፊት ገና ነው፤ ወራት ይፈልጋል፣ ትሰጠዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ማርታና እሷ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ጎረቤቶችም መጥተዋል። ሎሚ ይዛ የመጣችውን መለስናት። እኔ አሁንም ጋዜጣዬን ይዣለሁ፤ ሲሳሳቱ ግን አርማለሁ።

ለአንቺ የምገባልሽ ቃል አንድ ነው። ሰው የሞተበትን ሰው በሐሳቡ ሲያነጣ ይኖራል፤ ነጥቡን ያጠፋል፣ ቁጣውን ያቀጥናል፣ መልአክ ያደርገዋል። እኔ አላደርገውም። ስለዚያ ባልዲ አሥር ዓመት የነዘነዝሽኝን ሴትዮ፣ ሽማግሌ ፊት ያላፈርሽውን፣ በቁጣሽም በጥቁረትሽም፣ ግራሽን እንዳወፈርሽ አስታውስሻለሁ። ማንም እንዳያነጣሽ እጠብቃለሁ፤ እኔም ጭምር።

ባልሽ