ኤላ ዲማ በሌለችበት ስለመገምገሟ

ለተከበሩ አቶ ሸዋንግዛው
የ«ሰላም በውሃ» ፕሮጀክት የክትትልና ግምገማ ኃላፊ
ነገሌ ቦረና

ክቡርነትዎ፣ አካም? ናጋ? ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ሽፋን ያማረ፣ ቤትዎም በሪፖርትዎ ውስጥ እንዳለችው ኤላ ዲማ ሰላም የሰፈነበት ይሁን። በምድር ላይ እንዳለችው ኤላ ዲማ ግን አይሁንብዎ፤ እዚያ ደሙ ገና አልታጠበም።

እንደሚያውቁኝ ወሬ የምወድ የመጽሔት አምደኛ ነኝ። ስለ ሠርግና ስለ ፍቺ እንጂ ስለ ግምገማ ጽፌ አላውቅም። ዘንድሮ ግን የገበያው ሁሉ ወሬ ሪፖርትዎ ከእውነት ጋር የፈጸመው ፍቺ ስለሆነ፣ ዝም ብል አንባቢዎቼ ይቀየሙኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሞተሩ እናመሰግናለን። ኤላ ዲማ የላይኛውና የታችኛው መንደር ከብት የሚጠጣባት የጋራ ጉድጓድ ናት። የውሃ ተራውን የሚያዙት፣ በቦረና ወግ «አባ ሄሬጋ» የሚባሉት፣ ኦቦ ጃታኒ ነበሩ፤ እሳቸው «ቆይ» ካሉ ሰውም በሬም ይቆማል። ፕሮጀክትዎ ሞተር ተክሎ «ከእንግዲህ ውሃው ለሁሉም ይበቃል» ብሎ ሽማግሌውን ሲያሰናብት ተራም አብሮ ተሰናበተ። በድርቁ ውሃው ሲቀንስ ቀድሞ የደረሰ ጠጣ፤ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ዱላ የያዘው ነው። ከዱላ ወደ ገጀራ፣ ከገጀራ ወደ ጥይት ለመሸጋገር አንድ በጋ በቃን። ይህን ፍጥነት «አቅም ግንባታ» በሚለው ምዕራፍ ሥር አለማካተትዎ ከትሕትናዎ የመነጨ መሆን አለበት።

፪. የታችኛው መንደር ሰው ሞሉ ገንዳው ላይ ጎንበስ እንዳለ ገጀራ አንገቱ ላይ አረፈበት፤ ጊደሯ አንገቷን ቀና ሳታደርግ የጌታዋን ደም ከውሃው ጋር ጠጣች። ሚስቱ ሰንበቴ ሬሳውን ከገንዳው ስትጎትት፣ ከላይኛው መንደር ከመጡት ገዳዮች አንዱ «ተራሽን ጠብቂ!» ብሎ ሳቀባት። በማግስቱ የላይኛው መንደር ጎጆዎች ነደዱ፤ ከውስጥ ያልወጡም ነበሩ። ገምጋሚዎችዎ ይህን ሲሰሙ እዚሁ ከተማ ሆቴላቸው ውስጥ ተከተቱ። አልፈርድባቸውም፤ ጥይት ባለሙያ አይመርጥም፣ የሆቴሉም ጥብስ እንደሚወራለት ነው።

፫. ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ዘዴዎ ነው። ኤላ ዲማ «ለደኅንነት አስቸጋሪ» ተብላ ከናሙናው ስትወጣ፣ በምትኳ ቧንቧ ያለው፣ ከብት የሌለው የአስፋልት ዳር መንደር ገባ። ሰዎቹ «በውሃ ተጋጭታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲባሉ «ከማን ጋር?» ብለው ሳቁ አሉ። እርስዎም «ግጭት ቀርቷል» ብለው ጻፉ። በዚህ ስሌት በተጋደልን ቁጥር ሰላማዊ እየሆንን እንሄዳለን፤ ጨርሰን ብንተላለቅ ደግሞ ውጤታችን መቶ በመቶ ነው።

፬. ይኸው «ግቡ ተሳካ» ተብሎ ፕሮጀክቱ ሊዘጋ፣ ቅዳሜ የሞተሩ ቁልፍ ለላይኛው መንደር በክብር ሊሰጥ ነው። የሞሉ ታናሽ ወንድም ዋሪዮ ወይፈኑን ሸጦ ጥይት ገዝቷል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱ ገበያ መሐል «ቁልፉን የሚቀበለውን እጅ አያታለሁ» ብሏል። ሽማግሌዎች እስከ ቅዳሜ ብቻ አስምለው ይዘውታል። ሰንበቴ «ልጆቼ አባታቸውን አጡ፤ አጎታቸውን አልጨምርም» ብላ ከዋሪዮ ደጅ አልነሳም ብላለች።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ከቅዳሜ በፊት ያቺን አቧራ ነክቷት የማያውቅ መኪናዎን አስነስተው ኤላ ዲማን በዓይንዎ ይዩ፤ ቁልፉንም ለአንድ መንደር ሳይሆን ለኦቦ ጃታኒ ያስረክቡ። ሁለቱም መንደሮች እጃቸውን የሚሰበስቡት ለእሳቸው ብቻ ነው። ይህ ከመመሪያው ውጪ ከሆነብዎ ግን፣ ቅዳሜ መጥተው ቁልፉን በገዛ እጅዎ ይስጡልን። ወንበርዎን ከገንዳው አጠገብ፣ ሞሉ ጎንበስ ካለበት ቦታ ላይ እናደርግልዎታለን።

በናሙና ለመካተት ባልበቃም እስካሁን በሕይወት ያለሁ፣ የጤናዎ ለማኝ፣ የሪፖርትዎ ታማኝ አንባቢ፣

ብዙወርቅ አክሊል
ከነገሌ ቦረና

ማስታወሻ፦ ሠራተኛዎ የእርካታ መጠይቅ ለመሙላት ወደ ሞሉ ስልክ ደውላ ነበር። ሰንበቴ አንስታ «ገድለውታል» ስትላት፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ችግር የለም፣ ሌላ ሰው እንተካለን» ብላ ዘጋችው። እንግዲህ ቅዳሜ ድንገት አንድ ነገር ቢደርስብዎ ባለቤትዎ አይደንግጡ፤ እኛም ደውለን ይህንኑ እንነግራቸዋለን።