ዶክተር ሰይፈሥላሴ ገብረአብ «ይህ እንዳይዘለል» ያሉት

ዶክተር ሰይፈሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረአብ ዘርአ ዳዊትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተማርያም ይርጋለም በ1968 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን ተምረው በ1993 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ፤ ኋላም የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሠናይት ብዙአየሁ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሰርካለምንና ብርሃነ መስቀልን ወልደዋል።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ቴዎፍሎስ ከዚህ ቀጥሎ «በታማኝነት አገልግለው» ብሎ ሊያልፍ ነበር። ዶክተሩ ግን ረቂቁን ከአልጋቸው ሆነው አስነበቡትና «የዘለልከውን አስገባ፤ በቁሜ ያፈርኩበትን ሞቼ አታስዋሸኝ» አሉት። ቴዎፍሎስም እያፈረ ጻፈው።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዶክተሩ በሚሠሩበት በደብረ ብርሃን ሆስፒታል ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል አንዲት ትንሽ አልትራሳውንድ መጣች። ሕፃኑን ከማሞቂያው ሳያወጡ፣ አንጀቱ መንቀሳቀሱንና ደም ማግኘቱን ታሳያለች። ዶክተሩ ፈርመው ተረከቧት። በአገራችን የፈረሙበት ዕቃ ያስፈራልና፣ እንዳትሰበር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ለጥምቀት አንኮበር ሳሉ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሀይማኖት ደወለች። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ የሚኖሩት የወይዘሮ የውብዳር ልጅ፣ ያለ ጊዜው የተወለደው፣ ሆዱ ተነፍቷል፤ ራጁም አልለየም፤ ቁም ሳጥኑን እንስበረው ወይ ስትል ጠየቀች። ዶክተሩ «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ታቦቱ ይግባና እመጣለሁ» አሏት። መንገዱ የአንድ ሰዓት ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥተው ሲያዩት አንጀቱ አይንቀሳቀስም፤ ደምም አይደርሰውም። ለቀዶ ሕክምና የሚላክበት ጊዜ አልፎ ነበር። ሕፃኑ ሞተ፤ የሞቱን ምክንያት መዝገቡ ላይ «ያለ ጊዜው በመወለዱ» ብለው ጻፉ። እናቲቱ እጃቸውን ስመው አመሰገኗቸው፤ ከሁሉ ያቃጠላቸው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቁም ሳጥኑ አልተቆለፈም። ነርሶቹን አሠለጠኑ፤ በጊዜ ታይተው የዳኑ ሕፃናት አሉ፤ ቁጥራቸው እንዲነገር ግን አልፈለጉም። በ2016 ዓ.ም. መጠለያው ድረስ ሄደው እውነቱን ለእናቲቱ ተናገሩ። ወይዘሮ የውብዳር አልረገሟቸውም፤ ይቅርም አላሏቸው። የልጁን ስም ብቻ ነገሯቸው።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ለእርሳቸው ነፍስ ይማር ከመባሉ በፊት ይህ እንዲነበብ አዘዋል፦

በመዝገብ «የየውብዳር ልጅ» ብቻ የተባለው ሕፃን አንተነህ ገዛኸኝ፣ ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ተወለደ። ጥር 13 ቀን ዐረፈ።

እግዚአብሔር የሕፃኑን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑር፤ የወንድማችንንም ነፍስ ከእርሱ አጠገብ ለመቆም ያብቃት።