ቻርና የበላቻቸው ሦስት ክትባቶች

ለውድ እህቴ ለእትዬ ስታሜና፣

በስትራንጃ ጫካ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለ የዱር አሳማ ሁሉ ነፍሱን የያዘው በወንድምሽ በዠልዮ እጅ ነው። እሺ፣ አራት ሰዎች ነበርን። ክትባቱንም ከላቦራቶሪ ያመጣችው የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ቬሊና ናት። አፈሩን ግን ከሁሉ አስበልጬ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይቀማኝም።

ሰላምታዬ ከዚህ ተነስቶ አንቺ እስካለሽበት እስከ ጄኖቫ ይድረስልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ እንቅልፍ መንሳቱን ተዉልሽ? የላክንልሽ ቀይ በርበሬ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ የበላው አለ? እኛ ደህና ነን። አባባን ሳሉ ለቆታል፤ ቁጣው ግን አልለቀቀውም።

ፊደሉ ጎበጥ ጎበጥ ቢልብሽ አትሳቂ። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች ባለቤቴ ዝላትካ ናት የጻፈችልኝ፤ ይሄኛው የራሴ እጅ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በመንደሩ ንባብ ቤት የማታ ትምህርት ጨረስኩልሽ። መምህሯ ከክፍሉ አንደኛ ነህ ብላኛለች። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ነገሩም ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

በበጋው ከወንዙ ማዶ ባሉት መንደሮች የአሳማ ትኩሳት ገባ። እንስሳቱ ጆሯቸው ወይን ጠጅ እየመሰለ፣ የኋላ እግራቸው እየተጠላለፈ ወደቁ። በሽታው እንዳይዛመት የታመመውም ጤነኛውም ተገድሎ አንድ ጉድጓድ ገባ። የእኛዎቹ ደግሞ እንደምታውቂው ቀኑን ሙሉ ጫካ ናቸው፤ ከዱር አሳማው ጋር አንድ የኦክ ዛፍ ሥር ፍሬ ይለቅማሉ። ዶክተር ቬሊና ስለዚህ ነው የመጣችው። የዱር አሳማ ይዞ መርፌ የሚወጋ ጀግና የለም፣ እኔን ጨምሮ፤ በአፍ የሚበላ ክትባት ይሠራለት እንደሆነ ልታጠና ነው።

ክትባቱ ከበቆሎ ዱቄት በተሠራች ትንሽ ቂጣ መሃል፣ በስስ ከረጢት ተደርጎ ይቀመጣል። አሳማው ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳና ጉሮሮውን ያርሰዋል። የመንደሩ አሳማ ሁሉ በረት ተዘግቶበት እኛ በየቦታው አሥር አሥር ቂጣ ቀበርን። የቀበርኩበትን ቦታና ቁጥሩን በደብተር የምጽፈው እኔው ነበርኩ። ዶክተሯ አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃን ነበር፤ የቤት አሳማ እንዳይቀምስ፣ ምክንያቱም ይህን የበላ አሳማ ደምና በሽታው ይዞት የዳነ አሳማ ደም በምርመራ አንድ ናቸው። እሷ ይህን ስትናገር እኔ ከኋላ ቆሜ ሰዎቹን ሳስቅ ነበር።

እትዬ፣ ቻርናን ነበር የማስበው። በጡጦ አሳድገሽ፣ ስትሄጂ አንገቷን አቅፈሽ “አደራ ዠልዮ” ያልሽኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ለከርከሮ የሚሆን መድኃኒት ለእህቴ አሳማ ምን ይላታል ብዬ ሦስት ቂጣ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ አመጣሁላት። እያጣጣመች በላች። እጄን ሁሉ ላሰችኝ።

ከወር በኋላ የመንደሩ አሳማ ሁሉ ደም ተመረመረ። የሁሉም ንጹሕ ሆነ፣ ከአንዷ በቀር። በሽታው ገብቷል ተባለ። የአርባ ሦስት ቤት አሳማ፣ ለገና የተቀለበው ሁሉ፣ ሊቀበር ሆነ። መቆፈሪያው መኪና መጥቶ ከሱቁ ፊት ቆመ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ።

ወጣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ምን ያደርጋል! ጎረቤታችን ጋሽ ግሮዝዳን ቆባቸውን አውልቀው፣ “አንተ ዠልዮ፣ አምና ድብ በአካፋ ገደልኩ ያልከን አይደለህም?” አሉኝ። “ድቡም ክትባት በልቶ ነበር?” አለ ሌላው። እያለቀሱ የነበሩት ሴቶች እንኳ ሳቁ። የመንደሩ ሹም፣ “የእህትህን አሳማ ለማዳን ነው፤ ይገባናል፣ አሁን ዞር በል” አለኝ። እኔ እኮ እየማልኩ ነው! ስምል ጊዜ ባሰባቸው።

ዶክተሯ ብቻ አልሳቀችም። “ከየት ቦታ ነው የወሰድከው?” አለችኝ። “ከወፍጮው ምንጭ” አልኳት። ደብተሬን ከቦርሳዋ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች። ቀይ ድንጋይ፣ አሥር። ንብ ማነቢያው፣ አሥር። የወፍጮው ምንጭ፣ ሰባት። ሰው ሁሉ የጎደሉትን ሦስት ቆጠረ። ያን ቀን ስጽፍ አሥር ልል ነበር እኮ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ምላሴን አርባ ዓመት አሠልጥኛታለሁ፣ ያላየችውን አየሁ ትላለች። እጄ ግን ገና አዲስ ናት፤ ያየችውን ብቻ ነው የምታውቀው።

መኪናው እንዲጠብቅ ተደረገ። ከሁሉም በረት እንደገና ደም ተወሰደ፤ የቻርና ደም ውስጥ ቫይረሱ ራሱ ተፈለገ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መንደሩ ትንፋሹን ዋጠ። ምንም አልተገኘም፤ አንድም አሳማ አላተኮሰውም። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ጋሽ ግሮዝዳን ትከሻዬን መትተው፣ “ከዛሬ ጀምሮ አፍህን ዘግተህ እየጻፍክ አናግረን” አሉኝ።

አባባ በጣም ናፍቃኛለች ይላል፤ ይህን ያለው ግን እንዳትነግራት ብሎ ነው። ዝላትካ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፣ የላክሽላት ሻርፕ አምሮባታል። ጋሽ ግሮዝዳንና ባለቤታቸው ጤና ይስጥልን ይሉሻል። ቻርናም ደህና ናት፤ በረቷ ውስጥ ሆና እያጉረመረመች ሰላም ትልሻለች።

እትዬ፣ ደብዳቤውን አጥፌው ነበር፤ መልሼ ከፈትኩት። ቻርና ደህና ናት ያልኩት ውሸት ነው። ምልክቱ በደሟ እስካለ ድረስ መንደሩ ከበሽታው ነጻ ነው ሊባል አይችልም አለችን ዶክተሯ፤ እሷም እያዘነች ነው። ማክሰኞ ጠዋት የማትነሳበትን መርፌ ወጋቻት። አሳማ ሲሞት የሚያዝንለት ሰው አጠገቡ አይቆምም፣ ነፍሱ ቶሎ እንዳትወጣ ያስጨንቃታል እንደሚባል ታውቂያለሽ፤ ሰዎቹ አባባን ገና ፊቱን ሲያዩ ወደ ቤት ሰደዱት። እኔንም፣ “አንተስ ታዝንላታለህ?” አሉኝ። “እኔ? ለአሳማ?” ብዬ ሳቅኩባቸው። አመኑኝ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ጆሮዋን እያከክሁላት አጠገቧ ነበርኩ።

ወንድምሽ ዠልዮ
ዱብራቬትስ መንደር፣ ስትራንጃ
ኖቬምበር 28 ቀን 2007