የአሥራ አንደኛው ቤት ካርድ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለማከብርሽ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የእህትሽ ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ከሄድሽ ባሉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ ጽፌልሻለሁ፤ ሦስቱም ስለ ቧንቧና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነበሩ። ይሄኛው ስለ ጣሪያ አይደለምና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከስድስት ወር ወዲህ አስተማሪ ሆኛለሁ። ሳቂ፣ ግድ የለም። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት የሰፈር ልጆች እየመጡ የመንገዳችንን ታሪክ በእጃቸው እየሠሩ ይማራሉ። እንደ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ማዳመጥ የለም። መንገዱን በሜትር ለኩ፤ ወረቀት በየበሩ ቁጥር ላይ አድርገው በእርሳስ እያሹ ቁጥሩን ቀዱ፤ አሁን ቤቶቹን በካርቶንና በሙጫ እየሠሩ ነው። ከመንገዱ መግቢያ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሃያ ሦስት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቀያሽ ሆኜ ስሠራ አንዱም ካርታዬ እንዲህ አላስደሰተኝም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ስለሌለ ከወንበር እግር ጋር ነበር የማስረው፤ አሁን እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ እያሉ ይጣሉበታል።

የማስተምርበት ክፍል ያው ያንቺ ክፍል ነው። ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ መርፌዎችሽን ለቅመው «ታሪካዊ ዕቃ» ብለው ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጠውልሻል። ካርታዎቼን ልጆቹ እንዳይነኩብኝ ወደ መኝታ ቤት አዛውሬያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ክፍሉ ከቅዳሜ በስተቀር ባዶ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወላጆቻቸው መጥተው ይወስዷቸዋል። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሬዲዮውን ካልቆጠርሽው፣ እቤት ውስጥ የሰው ድምፅ የለም። ያንጠባጠቡትን ሙጫ ከወለሉ የምፍቀው ቀስ እያልኩ ነው፤ ቶሎ ካለቀ ምን እሠራለሁ?

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። እያንዳንዱ ቤት ካርድ አለው፤ ማን ኖረበት፣ ምን ሠራ፣ የሄደ ካለ ለምን ሄደ የሚል። ልጆቹ በየበሩ እየዞሩ ይጠይቃሉ። እኔም ገና በመጀመሪያው ቀን ሕግ አወጣሁ፤ ሁለት ሰው ያልመሰከረለት ነገር ካርድ ላይ አይጻፍም። እንዴት እንደኮራሁበት ብታዪኝ!

የኛ ቤት፣ አሥራ አንደኛው፣ የደረሰው ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እኔ «ዳኛዋ» እላታለሁ፤ ኮስተር ብላ ስትጠይቅሽ ያላጠፋሽውን ታምኛለሽ። ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ።

«እዚህ ቤት ማን ማን ኖረበት?»

«እኔና ባለቤቴ። እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች።»

«ለምን ሄደች?»

«እህቷ ታማባት፤ ልታስታምም።»

ይኸው ነው፤ ለሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ከመደጋገሜ ብዛት እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የእርስዎን አልጻፍኩትም።»

«ምነው?»

«እርስዎ አንድ ነዎት። እነሱ ሁለት ናቸው።»

ሁለቱ ባለሱቁ ጎረቤታችንና ባለጋሪው ናቸው። ባለሱቁ፣ «ጋሼ ጡረታ እንደወጡ፣ እትዬ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳሉ፣ የስፌት ክፍሉን ለካርታ ወሰዱት። የስፌት መኪናውን ጓሮ ቆርቆሮ ቤት ከተቱት» ብሏታል። ባለጋሪው ደግሞ፣ «እትዬ ቤቱን ጥለው ሲሄዱ መኪናውን የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ዝናብ ገብቶበት ዝጓል። እስክንደርስ ድረስ በቀሚሳቸው ጫፍ ሲጠርጉት ነበር» አላት።

መዛጉን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከክፍሉ አልወጣሁማ፤ በሩን ዘግቼ ካርታ አስተካክል ነበር።

ተናደድኩ። ካርዱ ባዶውን ይቀመጥ ብዬ ጮህኩባት። ልጆቹ መቀሳቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። እሷ ግን፣ «ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ» አለችኝ፤ አላለቀሰችም እንኳ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ ብዙ ቆምኩ። ስመለስ የሁለቱን ቃል ካርዱ ላይ ጽፋ ጨርሳ ነበር።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ወላጆችና ጎረቤቶች ሥራቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል ማለት ነው። ትናንት ካርዱን ከካርቶን ቤታችን ላይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ዛሬ ጠዋት መልሼ ለጠፍኩትና ከሥሩ ሦስተኛ ምስክር ብዬ ፈረምኩ። በድዬሻለሁ። ይህን ለማለት አራት ዓመት የፈጀብኝ ሰው ነኝ፤ ታውቂኛለሽ።

ግን ካርዱ ሙሉ አይደለም። ከእህትሽ ተመልሰሽ በሩን ስትከፍቺ፣ ሻንጣሽን ሳታስቀምጪ፣ «እኔ የት ሆኜ ልሥራ?» አልሽኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ «ያንቺ የትም ይሠራል፤ የኔ ሥራ ነው ቦታ የሚፈልገው» አልኩሽ። አንድ ወር ቆይተሽ የሄድሽው መኪናው ስለዛገ አይደለም፤ በዚህ ቃል ነው። ይህን ባለሱቁም ባለጋሪውም አልሰሙም።

ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጤናሽን አያጓድልብሽ፤ ዓይንሽንም ለመርፌሽ ያቆይልሽ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠርቼ፣ ያልኩሽን ለዳኛዋ ነገርኳት። ሰምታኝ፣ «ይኼንንም እርስዎ ብቻ ነዎት ያሉት» አለችና እርሳሷን አስቀመጠች። እውነቷን ነው። በካርዱ ግርጌ አንድ መስመር ቦታ ትታለች። «አዎ፣ ብሎኛል» ብለሽ ብትጽፊልኝ፣ ወይ መጥተሽ ብትነግሪያት፣ ሁለት እንሆናለን።

ካልሰረዝሽኝ፣
ባልሽ